ማላኪት

የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ወደብ ላይ ጭነት የሚያወርደው አባቴ ከአንድ መርከበኛ ያገኘውን አረንጓዴ ድንጋይ ይዞልን መጣ። ጡጫ ያህላል፤ እንደ ተቆረጠ ሽንኩርት ክብ ክብ መስመር አለው። ካርቲየ 6 በሚባለው የወደብ ከተማዋ ሰፈር ባለው የቆርቆሮ ቤታችን፣ ሁሉም ነገር አቧራ በለበሰበት፣ አረንጓዴው እሱ ብቻ ነበር። እናቴ በር ታስደግፍበት ጀመር።

ትምህርት ቤት ወስጄ ለአስተማሪያችን ለማዳም አሳየኋቸው። «ማላኪት ነው» አሉን በፈረንሳይኛ። መዳብ ያለበት ድንጋይ ነው፤ የጥንት ግብፆች አቅልጠው መዳብ ያወጡበት፣ ፈጭተውም ይኳሉት ነበር፤ ዓይንን ከበሽታ ይጠብቃል ብለው ያምኑ ነበር አሉ። እኔ «ብለው ያምኑ ነበር» የሚለውን ቤት አላደረስኩትም።

በዚያ ሰሞን ትኩሱ ነፋስ አሸዋ እያመጣ የታናሽ እህቴ የማርታ ግራ ዓይን ቀልቶ አብጦ ነበር።

«ማን አልሽው ስሙን?» አለች እናቴ።

«ማላኪት።»

«የመላክ?» አማተበች። «ውይ በሞትኩት! ይሄን መድኃኒት ይዘን ነው በር የምናስደግፍበት?»

ቃሉ ከመልአክ ጋር እንደማይገናኝ አውቅ ነበር። ግን ያን ቀን አዋቂ ተብዬ መደመጤ ጣፈጠኝ። አላረምኳትም። ሙቀጫውን ያቀበልኳት እኔ ነኝ።

«እማ፣ ያቃጥላል!» እያለች ስትንፈራገጥ የማርታን እጆች የያዝኩትም እኔ ነኝ። «ማቃጠሉ እኮ ሲሠራ ነው፣ የኔ ቆንጆ» ትላታለች እናቴ። ሦስት ቀን ኳልናት። በአራተኛው አባቴ አዝሏት ሐኪም ቤት ሄድን። ሐኪሙ የድንጋዩ ዱቄት ዓይኗን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ፍቆታል፣ ከእንግዲህ አያይም አሉ በፈረንሳይኛ። ለእናቴ የተረጎምኩላት እኔ ነበርኩ። ያን ቀን አንድም ቃል አላጎደልኩም።

እናቴ ከዚያ ወዲህ ኩል ነክታ አታውቅም። እኔን አንድም ቀን አልወቀሰችኝም፤ ስለ ስሙም አልነገርኳትም።

ከዚያ በፊት ማርታ ከትምህርት ቤት ስትቀበለኝ በፈለገችው ጎኔ እየዘለለች ነበር የምትሄደው። አሁን ትልቅ ሴት ናት፤ አብረን ስንሄድ ሁልጊዜ በቀኟ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ገበያ ውስጥ ተለያየንና ስመለስ በግራዋ መጣሁ። ደንግጣ እንደ ባዕድ ገፈተረችኝ፤ የያዝኩት ቲማቲም መሬት ላይ ተበተነ።

«ውይ እህቴ፣ ይቅርታ፣ አላየሁሽም እኮ» አለች፤ ጎንበስ ብላ እየሳቀች መልቀም ጀመረች።

ይቅርታ የጠየቀችው እሷ ናት።