አያቴ ያደቀቃቸው ቦርዶች

አያቴ ዕድሜውን ሙሉ የኤሌክትሮኒክስ ሰርኪት ቦርድ ዲዛይን ሲያደርግ ኖረ። ቦርዱ ውስጥ የሚነባበሩት ስስ የመዳብ ሌየሮች ቅደም ተከተል ተሳስቶ ካየ ግን በመዶሻ ያደቀው ነበር።

ለሮቦት ክለባችን የሠራሁትን ባለ ስድስት ሌየር ቦርድ ፌርፋክስ ከተማ ያለው ጋራዡ ድረስ በኩራት ወሰድኩለት። ሁለቱን ፈጣን የሲግናል ሌየሮች አንዱን ባንዱ ላይ ደርቤያቸው ነበር፤ አንዱ የሌላውን ሲግናል እንዳይረብሽ መሃል የሚገባውን የግራውንድ ሌየር ዘልዬዋለሁ።

«እነዚህ እኮ ይናከሳሉ! መሃላቸው ግራውንድ የታለ?» ብሎ በመዶሻው ፈረካከሰው። ስባሪው ግንባሬን አደማኝ።

«አባባ፣ ሦስት ሳምንት እኮ ለፍቼበታለሁ!»

«ሶ ምን ይጠበስ? እንደገና ሥሪዋ!»

ሁለተኛውንም አደቀቀው። ሦስተኛው ካዘዝኩበት ፋብሪካ ሳይደርስ እሱ ሞተ።

ትናንት ሦስተኛው መጣ፤ በየሲግናል ሌየሩ አጠገብ ግራውንድ አለ። ቦርዱን ገጥመንለት ሮቦቱ ሲከንፍ ክለቡ በጩኸት ተናጋ፣ እኔም ዘለልኩ። ከዚያ ቦርዱን ፈትቼ አያቴ ጋራዥ ወሰድኩት፤ ጠረጴዛው ላይ፣ መዶሻው አጠገብ አኖርኩና ዓይኔን ጨፍኜ፣ ጆሮዬን በሁለት እጄ ደፍኜ ቆምኩ። ብዙ ቆይቼ ዓይኔን ስገልጥ ቦርዴ ምንም ሳይሆን ተቀምጧል።