ዊግ ልገዛ ገብቼ

ፀጉሬ መሳሳት ከጀመረ ስድስት ወር አልፎታል። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም፤ ሻሼን እስከ አንገቴ ጠምጥሜ ነው የምወጣው። የእህቴ ሰርግ ሲደርስ ግን ጨነቀኝና ዊግ ልገዛ ታይዋን ገበያ ሄድኩ። ቀትር ስለነበር ድሬዳዋ ሱቋን ዘጋግታ ከሙቀቱ ተደብቃለች። አንዲት ሶማሌ ባለሱቅ ብቻ ልትዘጋ ስትል ደረስኩባት።

ዊጉን ከማውረዷ በፊት ሹራቤን አየች።

«አባዮ፣ እህቴ፣ በዚህ ሙቀት ሹራብ?»

«ይበርደኛል።»

«ድሬ ላይ?»

ሄደችና በሩን ከውስጥ ቀረቀረችው።

«ምን ልታደርጊኝ ነው? ክፈቺልኝ!»

«ወንድ እንዳይገባብን ነው። ሻሹን ፍቺው።»

ፈታሁት። የሳሳውን ፀጉሬን ግን ቀና ብላም አላየችው፤ ዓይኗ አንገቴ ላይ ተተከለ። ከዚያ የራሷን ሂጃብ ከአገጯ ሥር ገለጠችው። አንገቷን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ ጠባሳ አለ። ወደ በሩ አፈገፈግኩ። እሷ ግን በብርጭቆ ውሃ ቀድታ አቀረበችልኝ።

«ጠጪ።»

«ምን ያለበት ነው?»

መጀመሪያ ራሷ ተጎነጨችና መልሳ ሰጠችኝ። መስታወቱንም ፊቴ ደቀነችው።

«ፀጉርሽን ተዪው። አንገትሽን እያየሽ ዋጪ።»

ዋጥኩ። ስድስት ወር ሙሉ በየቀኑ መስታወት ፊት ቆሜ አንድም ቀን ያላየሁት እብጠት ጉሮሮዬ ሥር ሽቅብ ወጣና ተመልሶ ወረደ።

«እንቅርት ነው፤ ፀጉርሽም ብርዱም ከእሱ ነው። ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሂጂ» አለችኝ በሩን እየከፈተች። «እኔም መጀመሪያ ዊግ ነበር የገዛሁት።»