ጋሼን ገበጣ ሳስተምር

እንደ ፈረንጆቹ በ2021 ሪከንባከር በሚባል አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ አንድ ዌርሃውስ ውስጥ ፎርክሊፍት እነዳ ነበር። በዚያ ዓመት ከዛንዚባር ደሴት የመጡ ሸምገል ያሉ ሰው እኛ ሺፍት ላይ ጀመሩ። ሐበሾቹ ሁሉ «ጋሼ» አልናቸው፤ እሳቸውም ትርጉሙን ሳይጠይቁ አቤት ይሉ ጀመር።

የምሳ ክፍሉ ጠረጴዛዎች በኮሮና ምክንያት በፕላስቲክ ስለተጋረዱ የምንበላው ፓርኪንግ ውስጥ ነበር። አንድ ቀን ጋሼ ጉድጓድ ጉድጓድ ያለው ጣውላ አውጥተው የመኪናቸው ኮፈን ላይ አስቀመጡ። አራት ረድፍ፣ በየረድፉ ስምንት ጉድጓድ።

«ባኦ ይባላል» አሉኝ። «እኛ አገር ወንዶች ከተሲያቱ የዐስር ሶላት በኋላ ደጃፍ ካለው የድንጋይ መደብ ላይ ተቀምጠው ይጫወቱታል።»

«ይሄማ የኛ ገበጣ ነው። ልጅ ሆኜ ሰፈር ውስጥ የሚችለኝ አልነበረም።»

«የእናንተ ስንት ረድፍ አለው?»

«ሦስት» አልኩ።

አጠገባችን ፓስታዋን የምትበላ ጎንደር ያደገች ባልደረባችን «ሁለት ነው» አለች። በረድፉ ተከራክረን ሳንስማማ ወደ ጠጠሩ ብዛት ተሻገርን፤ በዚያም ሳንስማማ የምሳ ብሬካችን አለቀ። ጋሼ ሳምቡሳቸውን በጸጥታ በልተው ጨርሰዋል።

በማግስቱ ገጠምኳቸው። ሻዬ ሳይበርድ አሸነፉኝ።

«የራስህን ጠጠር ብቻ ነው የምታየው» አሉኝ። «የኔንም እየው።»

ከዚያ ወዲያ በየምሳ ሰዓቱ እሸነፍ ነበር። ቤት ስገባ ባለቤቴ ምሳዬን ለምን ሳልበላው እንደምመልስ ጠየቀችኝ።

«አንድ ሽማግሌ ገበጣ እያስተማርኩ ነው» አልኳት።

«ይገባቸዋል?»

«ቀስ በቀስ።»

አዘነችላቸው መሰለኝ፣ ለእሳቸውም ምሳ ትቋጥርልኝ ጀመር። ጋሼ ምሳውን እየበሉ ያሸንፉኝ ነበር።

የዛፉ ቅጠል መርገፍ ሲጀምር፣ አንድ እሑድ ካናል ዊንቸስተር ፓርክ ሥጋ ልንጠብስ ስንወጣ፣ ጋሼን እንድጋብዛቸው የጨቀጨቀችኝ እሷው ናት። ጣውላቸውን በብብታቸው ይዘው መጡ። ገና ሳይቀመጡ «ትምህርቱ እንዴት ነው?» አለቻቸው።

ጋሼ ዞር ብለው አዩኝ። እኔ ከሰሉን ማራገብ ጀመርኩ።

«ባለቤትሽ ታጋሽ መምህር ነው» አሉ። ማራገቤን ተውኩ። «ሰው በስንት ዓይነት መንገድ መሸነፍ እንደሚችል፣ ስድስት ወር ሙሉ አንድም ቀን ሳይሰለች አሳየኝ።»

ባለቤቴ እስኪያስላት ሳቀች። ከዚያ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። እሷም ተሸነፈች፤ ግን በየጠጠሩ «ለምን?» እያለች ትጠይቃቸው ነበር። እኔ በስድስት ወር አንዴም አልጠየቅኩም፤ የሚያውቅ ሰው እንዴት ይጠይቃል? ሦስተኛው ጨዋታ ላይ ጋሼ ለመጀመሪያ ጊዜ አገጫቸውን ይዘው ሲያስቡ አየኋቸው። ከኔ ጋር አገጫቸውን ነክተው አያውቁም።

ሲሄዱ ለሚቀጥለው እሑድ ቀጠሯት። እኔንም አልረሱኝም፤ ከሰል የሚያያይዝ ሰው ያስፈልጋል አሉ።