ሁለት ካርዶች በሐጅ ዩሱፍ ሙቀት

ሰው ጫማ ሲገዛ ቁጥሩን ያያል፤ እኔ ለኮምፒውተሬ ግራፊክስ ካርድ፣ ያንን ቪዲዮ የሚያቀላጥፈውን ዕቃ፣ ስገዛ ያላየሁት ቁጥር አልነበረም። በዚህም እኮራ ነበር። እዚህ ካርቱም፣ ካፉሪ በሚባለው የሀብታም ሰፈር፣ በሰው ቤት ስድስት ዓመት ወለል ስወለውል ኖሬ፣ የሐበሻ ሠርግ ቀርጬና አቀናብሬ የምተዳደር ሴት የሆንኩት በራሴ ጥረት ነው። ስለዚህ ስለ ኮምፒውተር ማንም እንዲመክረኝ አልወድም፤ በተለይ ባሌ። ባሌ ሪክሻ፣ አገር ቤት ባጃጅ የሚሉትን፣ ነው የሚነዳው፤ ከሞተር ሌላ ምን ያውቃል እል ነበር።

የሱዳኑ ጦርነት በማናችንም ሐሳብ ውስጥ ያልነበረበት ዓመት ነው። ካፉሪ የምትሠራ አንዲት የወሎ ልጅ አገባችና ሠርጓን ቀረጽኩ። እናቷ ከአገር ቤት መምጣት አልቻሉም። ልጅቷ ጉልበት ስማ የምትመረቅበት ሰዓት ሲደርስ በስልክ፣ በቪዲዮ ደወልንላቸው፤ ገና ስታጎነብስ ኔትወርኩ ተቋረጠ። እናት የልጃቸውን ሠርግ ሳያዩ ቀሩ። ስለዚህ እንዲህ ሲሆን በእኛ ሰው እንደተለመደው፣ እዚያ ወሎ ጎረቤት ተጠርቶ፣ ተደግሶ፣ ሠርጉ በቴሌቪዥን ሊታይ ቀን ተቆረጠ። ዓርብ፣ ከጁምዓ ሰላት በኋላ። ቪዲዮውን በፍላሽ ይዛላቸው የምትሄደው ሴት የምትበረው ሐሙስ ጠዋት ነው። የእኔ ኮምፒውተር ካርድ ደግሞ፣ ቀን አይቶ እንደሚያምፅ ሰው፣ ልክ በዚያ ሳምንት ሞተ።

ሰኞ ዐማራት፣ ባለገንዘቦቹ ሰፈር፣ ወደሚገኝ አንድ የኮምፒውተር ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ ረጋ ያሉ ሱዳናዊ ሽማግሌ ናቸው። ለአቅሜ የሚሆኑ ሁለት ካርዶች አወጡልኝ። አንዱ አዲስ፣ ትንሽዬ፣ ባለ አንድ ማራገቢያ፣ ሜሞሪው ስድስት ጊጋ። ሌላው ያገለገለ፣ ሁለት ማራገቢያና ወፍራም የብረት ክንፎች ያሉት፣ እንደ ጡብ የሚከብድ፣ ሜሞሪው ስምንት ጊጋ። ደብተሬን አውጥቼ መሐሉን አሰመርኩና የሁለቱንም ፍጥነት፣ ሜሞሪ፣ የሚበሉትን ኤሌክትሪክ ሳይቀር ጻፍኩ። ከዚያ ይዤው የሄድኩትን አምስት ደቂቃ ቪዲዮ በሁለቱም አስሞከርኩ። አዲሱ በሦስት ደቂቃ ጨረሰ። አሮጌው አምስት ደቂቃ ሙሉ እንደ ወፍጮ ሲጮህ ቆየ። የሱቁ ኤሲ ነጠላዬን እስክከናነብ ድረስ ይበርድ ነበር።

ሽማግሌው ሁለቱንም ካርዶች በእጃቸው ይዘው፣ «ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ቤትሽ የት ነው?» አሉኝ።

ደሜ ፈላ። የምንኖረው ሐጅ ዩሱፍ፣ የድሆች ሰፈር ነው፤ ዐማራት መሐል ቆሞ «ሐጅ ዩሱፍ» ማለት አፍ ላይ እንዴት እንደሚከብድ የሐጅ ዩሱፍ ሰው ያውቀዋል። ሰው ወዲያው ከእግር እስከ ራስ ያይሃል። እኔም ዓይኔን ሳላሽ፣ «እዚሁ ነው፣ ዐማራት» አልኩ።

«እንግዲያስ አዲሱ ይሻልሻል» አሉና ጠቀለሉልኝ።

ማክሰኞ ቀትር ላይ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ባለው ክፍላችን፣ የሠርጉን ቪዲዮ አንድ ወጥ ፋይል አድርጎ እንዲያወጣ አዘዝኩት። መጀመሪያ በረረ። ሲሶው ላይ አዘገመ። ግማሹ ላይ ሲደርስ ስክሪኑ ጨለመ። እንደገና ጀመርኩ፤ እንደገና ግማሹ ላይ ጨለመ። ሙሽራይቱ ሦስት ጊዜ ደወለች፤ ሦስቴም «እየደረሰ ነው» አልኳት።

ባሌ ለምሳ ሲገባ የኮምፒውተሩን ሳጥን በመዳፉ ነካና፣ «ይሄ ሞቆት ነው እንጂ ምንም አልሆነም» አለ።

«አንተ ደግሞ! ሪክሻ መሰለህ?»

«ሪክሻም ሲሞቀው ይቆማል» አለና የውሃ ማቀዝቀዣችንን፣ ያንን በርጥብ ገለባ ውስጥ አየር የሚያነፍሰውን ትልቅ ሳጥን፣ ገፍቶ ገፍቶ ኮምፒውተሩ ጎን አስጠጋው። ሐሳቡ ደስ ስላለኝ የኮምፒውተሩን ክዳን የከፈትኩለት እኔው ነኝ። ማቀዝቀዣውን እስከ መጨረሻው ለቀቀው። ነፋሱ ብቻ ቢመጣ ጥሩ ነበር፤ ውሃውም እየተፈናጠረ አብሮ መጣ። ሶኬቱን እንዴት እንደነቀልኩት አላውቅም። ካርዱን ነጭ ጨርቅ ላይ አድርገን ጣሪያ ላይ እንደ ቋንጣ አሰጣነው፤ ባሌ ቁራ እንዳይወስደው ዱላ ይዞ ጠበቀው። ተናድጄ ስጮህበት ቆየሁና ዱላውን ይዞ ሳየው ሳቄ አመለጠኝ።

ረቡዕ ሱቁ ገና ሲከፈት ደረስኩ። እንዲህ ያለ ነገር እየዋሹ አይፈታም፤ ሁሉንም ነገርኳቸው። ቆርቆሮውን፣ ውሃውን፣ ቁራውን፣ ሐጅ ዩሱፍን። ሽማግሌው ወንበር ስበው እስኪቀመጡ ድረስ ሳቁ።

«ያ ኡኽቲ፣ እኔም እኮ ሐጅ ዩሱፍ ነው የምኖረው» አሉ። «ቤትሽን የጠየቅኩሽ ለዚህ ነበር። አዲሱ ኤሲ ያለበት ቤት ይሮጣል። ሲሞቀው ራሱን ለማዳን ይዘገያል፤ ከባሰበትም ይጠፋል። አሮጌው የእኛ ሰፈር ሰው ነው፤ ይጮሃል እንጂ ሙቀት ይችላል።»

አፈርኩ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም። አዲሱን ሰክተው አዩት፤ ደርቋል፣ ይሠራል። ያለ አንዲት ክፉ ቃል ለወጡልኝ።

አሮጌው ካርድ ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ ጮኸ። ክፍሉ ሞቀ፤ እሱ ጮኸ። ከህረባ፣ መብራቱ ማለቴ ነው፣ ሁለት ጊዜ ጠፋና ሁለት ጊዜ ከመጀመሪያው ጀመርን። በሦስተኛው ጊዜ ባሌ ከጎረቤት ጄኔሬተር ሽቦ ዘረጋ። ሙሽራይቱ ከአሠሪዋ ቤት ፈቃድ ለምና መጣችና አጠገቤ ቁጭ ብላ ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን መቶኛ ትቆጥር ጀመር። ስልሳ ሁለት፣ ስልሳ ሦስት። «እትዬ፣ ይሄ ነገር ምጥ ይዞት ነው እንዴ?» አለችኝ። ፀሐይ ስትጠልቅ መቶ ሞላ። ሐሙስ ጠዋት ፍላሹን ኤርፖርት በር ላይ ለተጓዧ በእጄ አስረከብኩ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሙሽራይቱ ደወለች። ከካፉሪ ወጥ ቤት ነው የምትደውለው፤ የሳህኑ ድምፅ ይሰማል። እናቷን በሌላ መስመር አገናኘችንና፣ «እማ፣ እትዬ እየሰማችሽ ነው» አለች።

ከወዲያ የብዙ ሴቶች እልልታ ይሰማል። እናትየው ጮክ ብለው ነው የሚናገሩት፤ ካርቱም ሩቅ ስለሆነች።

«ልጄ፣ እስከ ዛሬ ሰው ልጅሽ አገባች ወይ ሲለኝ፣ አገባች ይላሉ ነበር የምለው» አሉ። «አሁን ልታጎነብስ ስትል ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጬ እግሬን ዘረጋሁላት። መረቅኳት። ጎረቤቱ ሁሉ አሚን አለ። ዛሬ ገና ልጄን ዳርኳት።»

ሙሽራይቱ በእሷ ጫፍ፣ እኔ በእኔ ጫፍ ስቅስቅ ብለን አለቀስን። ባሌ ከውጭ ሰምቶ እየሮጠ ገባና ቀጥታ ወደ ኮምፒውተሩ ሄደ።

«ተቃጠለ እንዴ?» አለኝ።

አይደለም ብዬ ራሴን ነቀነቅኩና፣ እልልታውን እንዲሰማ ስልኩን ጆሮው ላይ ያዝኩለት።