እሳቱ የጠፋበት የሞላሌ ቤት

ልጅ ሳለሁ ጭስ እወድ ነበር ብል ውሸት ይሆናል። በሞላሌ ከተማ ዳርቻ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም አያ ሽፈራው በሚኖሩበት አሮጌ የድንጋይ ቤት፣ ማታ ማታ የኩበቱ ጭስ ዓይናችንን እያስለቀሰ ወደ ጓሳ ሣሩ ክዳን ሲወጣ፣ እኛ ልጆች ለማምለጥ አጎዛው ላይ በሆዳችን ተኝተን ተረት እንሰማ ነበር። ከፍሙና ከኩራዙ ሌላ ብርሃን ስላልነበረ የአያ ፊት የሚታየኝ በከፊል ነው፤ ጅቡ ሲናገር የግራ ጉንጫቸው፣ በጓ ስትመልስ የቀኙ።

ጅብና በግ ባንድ ቤት የሚኖሩበት ተረት ነበራቸው። ሁልጊዜ መጨረሻው ሲደርስ ያቆሙታል።

«አያ፣ በጓ ተበላች እንዴ?» አልኳቸው አንድ ማታ።

«ብትበላ ኖሮ እኔ ከማን እሰማው ነበር? ተኚ!»

ያኔ ያ ወፍራም ግድግዳ የሚፈርስ ነገር አይመስለኝም ነበር።

ከዓመታት በኋላ ግድግዳው ላይ ቀይ ምልክት ተቀባ፤ መንገዱ ሲሰፋ ይፈርሳል ተባለ። ደብረ ብርሃን አስተምር ስለነበር ከትምህርት ቤቱ ፈቃድ እየጠየቅሁ ከቢሮ ቢሮ ተንከራተትኩ፣ ሽማግሌ ይዤ ገባሁ። በመጨረሻ «ቅርስ ነው፤ አይነካም» ተባለልኝ፤ መንገዱም ዞረ። ደስታዬ ወዲያው ወደ ፍርሃት ተለወጠ። ከዚያ ሁሉ ድካም በኋላ አንዲት የእሳት ፍንጣሪ ሣሩን ብታያይዘውስ? አያም አርጅተዋል።

«ክረምቱን እኔ ጋ ይክረሙ፤ ከዚያ እመልስዎታለሁ» ብዬ ለመንኳቸው።

«ቤቱንስ?»

«ተቆልፎ ይጠበቃል።»

ምድጃውን ጠርጌ፣ አመዱን ደፍቼ፣ ቤቱን ቆለፍኩት።

ክረምቱ ሲያልፍ ሳል ያዛቸውና አቆየኋቸው። በሚቀጥለው ክረምት ጎረቤታቸው እትዬ አስካለ ደወሉልኝ። ስደርስ ክዳኑ በስብሶ፣ ጠቁሮ ወደ ውስጥ ወርዷል፤ ዝናቡ በድንጋዮቹ መሃል ያለውን ጭቃ አጥቦ አንዱን ግድግዳ ጥሎታል።

«ምነው ልጄ» አሉኝ እትዬ አስካለ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው፤ «ሣሩ ጭስ ካላገኘ እንደሚበሰብስ ጠፋሽ? እዚያ ቤት አድገሽ? ቁልፉን ብትሰጪኝ ኖሮ አንድ ኩበት መለኮስ ያቅተኝ ነበር?»

የቀረው ግድግዳ መንገደኛ ላይ እንዳይወድቅ ተብሎ በዚያው ሳምንት ፈረሰ።

ለአያ እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም። ልጄ ተረት ስትጠይቃቸው «ቤቴ ስንገባ፤ እዚያ ነው የሚያምረው» ይሏታል። ባለፈው እሑድ ወደ እኔ ዞረው «መቼ ነው የምትወስጂኝ?» አሉ።

«መንገዱ ጭቃ ነው አያ፤ ትንሽ ይድረቅ።»

አመኑኝ።

«እንግዲያው አንቺ ንገሪኝ» ትለኛለች ልጄ አልጋዋ ላይ ሆና። ያኔ የሰማኋቸውን አንዱንም አልረሳሁም፤ አያ የት ላይ እንደሚያስሉ፣ የት ላይ እንደሚስቁ ሳይቀር አውቃለሁ። ግን ለቤታቸው ያቆዩትን ተረት እኔ እዚህ ከጀመርኩት፣ አያ የሚመለሱበት ቤት እንደሌለ መናገሬ ነው። ስለዚህ «አያ ይንገሩሽ» ብዬ መብራቱን አጠፋለሁ።