ሚራ ሁለት ጊዜ የጎረሰች ዕለት

አሌክሳንድሪያ ውስጥ በምሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ፣ አዲስ ሰው ሲገባ ፎርም የምሞላው እኔ ነኝ። ስም፣ መድኃኒት፣ አለርጂ እያልኩ እወርድና "ሃይማኖት" የምትለዋ መስመር ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬ ቀጥ ይላል። መጻፉ ከብዶኝ አይደለም። ሚራ ትዝ እያለችኝ ነው።

ልጅ እያለሁ ከዚህ ብዙም በማይርቀው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከእነ ሚራ ጋር በር ለበር ነበርን። ሁለታችንም ዘጠኝ ዓመታችን ነው። እናቷ እትዬ ሰብለ የአዲስ አበባ ሰው ናቸው፤ አባቷ ጋሼ ራጂቭ ህንዳዊ። በእነሱ በር በኩል የተቆላ ከሙን ይሸታል፣ በእኛ በኩል ቁሌት፣ መሀል ላይ ያለው የኮሪደሩ ምንጣፍ ደግሞ ዝናብ የመታው ውሻ። አንዳችን በሊፍት አንዳችን በደረጃ እየወረድን እንሽቀዳደም ነበር። በደረጃ የምወርደው ሁሌ እኔ ነኝ፤ ሊፍት መጠበቅ አልችልም።

ሚራ ሥጋ አትበላም፣ እንቁላልም አትቀምስም። የአባቷ ቤት ደንብ ነው። የሕንፃው ሐበሾች ግን ሌላ ነገር ገባቸው፦ ልጅቷ ጿሚ ናት። አንደኛ ፎቅ የሚኖሩት አሮጊት፣ እማማ የሺ፣ ባዩዋት ቁጥር "ተመልከቱ! ረቡዕ የለ፣ ዓርብ የለ፣ ሁሌ ጾም! እናንተ በርገር ለበርገር ስትሉ!" ይሉን ነበር። እትዬ ሰብለም አላረሙ። ህንዳዊ አገባች ተብሎ ብዙ የታሙ ሴት ነበሩ፤ ጿሚ ልጅ ማሳደግ ማንን ይጎዳል?

የፋሲካ ዕለት እነ ሚራና እማማ የሺ እኛ ቤት ተሰበሰቡ። ዶሮ ወጡ መሀል ተቀምጧል፤ ሚራ ጥግ ላይ በትንሽ ሳህን ሽሮዋን ትበላለች። እማማ የሺ አዩዋት።

"እንዴ! ፋሲካንም ትጾማለች? ይቺስ መናኝ ናት! ዓርብ ዓርብ ትምህርት ቤት ዶሮ ጥብስ እንደምትበላዋ እንደዚች አይደለችም" ብለው ወደ እኔ ጠቆሙ።

ፊቴ ነደደ። "ሺ ኢዝ ኖት ፋስቲንግ!" ብዬ ጮህኩ። "ጾም አይደለም! ሂንዱ ናት!"

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚሉት ራሳቸው እማማ የሺ ነበሩ። እሳቸው ወደ እትዬ ሰብለ ዞሩ።

"ሰብለ፣ እውነት ነው?" አሉ።

"ኧረ በስመ አብ! በሰማንያ ቀኗ ክርስትና አስነስቻታለሁ!"

"እንግዲህ ልጅ የአባቷ ናት" አለ አባቴ።

ጋሼ ራጂቭ በእንግሊዝኛ ገቡበት። "እናቴ ከደልሂ እየደወለች 'የሐበሻ ልጅ ሂንዱ አትባልም' ትለኛለች። ወንድሜ ደግሞ 'ካንተ ከተወለደች ናት፣ አለቀ' ይላል። እኔ ራሴ ቤተ መቅደስ ከረገጥኩ አሥር ዓመቴ፤ እኔስ ራሴ ሂንዱ ነኝ?" ብለው ሳቁ። ማንም አልሳቀላቸውም። አባቴ ለእማማ የሺ ሲተረጉምላቸው ጭራሽ ግራ ገባቸው፤ እናቴ "ምግቡ ቀዘቀዘ እኮ" ማለቷን ቀጠለች። ሚራን ኤርፖርት ላይ ባለቤቱ እንደጠፋ ሻንጣ ያገላብጧት ነበር። እሷ ሳህኗን እንደያዘች ናት።

በመጨረሻ እትዬ ሰብለ ተነሡ። እንጀራ ቆረሱ፣ ዶሮውን ጠቀለሉ፣ ወደ ልጃቸው አፍ አቀረቡ። ወጡ ነጠላቸው ላይ ጠብ አለ።

"በይ ሚራዬ፣ ጉረሺልኝ። ለእናትሽ።"

ሚራ አባቷን አየች። እሳቸው ምንጣፉን ያያሉ። ከዚያ እኔን አየችኝ። አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። ከደቂቃ በፊት እንደዚያ የከፈትኩት አፌ ግን ተጣበቀ።

ጎረሰች። ዓይኗን ሳትነቅል እኔን እያየች አላመጠች።

"እሰይ!" አሉ እማማ የሺ፣ ከልባቸው ደስ ብሏቸው። "ድገሚያት እንጂ ሰብለ! አንድ ያጣላል!"

ሁለተኛውንም ጎረሰች።

መታጠቢያ ቤት ገብታ ስታስመልስ በሩ ሥር ቆሜ ሰማኋት። በማግስቱ ሳንኳኳ በሩን በሰንሰለቱ ልክ ከፈት አድርጋ "ዩ ቶልድ፤ አንቺ ነሽ የተናገርሽብኝ" አለችኝና ዘጋችው። በዚያው ክረምት ቤት ለውጠው ወደ ጌይተርስበርግ ሄዱ። በመኪና ግማሽ ሰዓት ናት፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልሄድኩም።

ባለፈው ሳምንት ክንዳቸው ላይ ሂንዱዎች የሚያስሩት ዓይነት የደበዘዘ ቀይ ክር ያሰሩ ሽማግሌ አስገባን። ሴት ልጃቸውና ወንድሟ በፎርሙ ተጣሉ።

"ሂንዱ ብለሽ ጻፊ" አለኝ እሱ።

"ምኑ ነው ሂንዱ? ካቶሊክ አግብቶ አርባ ዓመት ገናን ሲያከብር የኖረ ሰው!" አለች እሷ።

"መንጃ ፈቃድ ነው እንዴ፣ ካልታደሰ የሚቃጠለው?" አላት።

ሽማግሌው በመስኮት ወደ ውጭ ያያሉ። እስክሪብቶዬን አስቀምጬ አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ።

"ምን ልስጥዎት?"

ዞሩ። "ሩዝ በእርጎ" አሉ። "የዚያችን መስመር ነገር ሌላ ቀን እነግርሻለሁ።"

መስመሯን ባዶ ተውኳት። አለቃዬ ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ፤ ሁለቴም "ሰውየው ሲነግሩኝ" አልኳት።

እኩዮቼ ተገናኝተን የልጅነታችን ነገር ሲነሣ "ያኔ ደግ ጊዜ ነበር፣ የጎረቤት ልጅ ሁሉ ካንድ ትሪ ይበላ ነበር" ይላሉ። አልክድም፣ ትሪው ሰፊ ነበር። ግን ያን ፋሲካ ሚራን ከብበን የነበርነው እኔን ጨምሮ ስድስት ሰዎች ነን። "ምን ልስጥሽ?" ያላት የለም።