ገና ያልተወለዱት ሰዎች መንገድ

የድሬ ሰው ለሁሉም ነገር ሽማግሌ ይጠራል፤ ለትዳርም፣ ለጋሪ ግጭትም፣ ለልጆች ጠብም። ለቁጥር ሽማግሌ ሲጠራ ያየሁት ግን በደርግ ጊዜ፣ በፕላን ክፍል ተቀጥሬ ስሠራ ብቻ ነው።

ከተማዋ ከሃያ ዓመት በኋላ ስንት ሰው እንደሚኖርባት ተንብዩ ተባልን፤ ተነበይን። የክፍለ ሀገሩ የፕላን ሰዎች ደግሞ ሐረር ተቀምጠው ስለ መላው ክፍለ ሀገር ተነበዩ። ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ከተማችን ከክፍለ ሀገሩ በልጣ ተገኘች። ገበሬው፣ ግመል የሚነዳው ዘላን፣ ሐረር ራሷ፣ እኛም ጭምር ተደምረን ከድሬዳዋ አነስን። ውሃው ከእንስራው በለጠ ማለት ነው።

ነገሩ የደረሰው ካድሬ የሒሳብ ሰው አልነበረም። "ከሁለቱ ቁጥሮች አንዱ ፀረ አብዮት ነው። የትኛው እንደሆነ ተነጋግራችሁ አቅርቡ" ብሎን ሄደ። ከዚያ ወዲያ ማን ደፍሮ ይቀንሳል? ማንስ ይጨምራል? ቁጥሩን የነካ ጥፋቱን አመነ ማለት ነው። የእኛ ኃላፊና የሐረሩ ኃላፊ ሰላምታ እንኳ አቆሙ።

እኔ በዚያን ጊዜ መጋላ ሰፈር፣ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ጋ በደባልነት እኖር ነበር። ሰፈሩ በኦሮምኛ አዮ፣ እናቴ፣ ይላታል። በድሬ አንቱ ማለት እንደ መራቅ ስለሚቆጠር እኔም አንቺ እላት ነበር። በሰፈሩ የሚያልፈው አዲስ መንገድ የሚለካው በሕዝቡ ቁጥር ስለሆነ፣ በእኛ ቁጥር ከተሄደ ሰፊ መንገድ ቤቷን ጠራርጎ ያልፋል፤ በሐረሩ ከተሄደ ግን ጠባብ መንገድ ይበቃል፣ ቤቷም ይተርፋል። ይህን አልደበቅኋትም።

"አቦ፣ እነዚህ የሚመጡት ሰዎች እነማን ናቸው?" አለችኝ።

"ገና አልተወለዱም።"

"ያልተወለደ ሰው መንገድ እንዴት ይጠበዋል?"

ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው አልኩ በልቤ። በሰማይ ላለችው ላም በረት የሚሠራው ግን በአዮ ቤት ላይ ነበር።

ኃላፊያችን የድሬ ልጅ ነውና በመጨረሻ ሽማግሌ ጠራ። ሦስት ሽማግሌዎች ጫታቸውን በብብታቸው ይዘው መጡ፤ ጫማቸውን አውልቀው በስብሰባ አዳራሹ ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። አንዱ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ሦስት ጢማሞች ቀና ብሎ አያቸው።

"እነዚህስ የማን ወገን ናቸው?"

"የሁላችንም" አለ ካድሬው።

"እንግዲያው ስድስት ነን" አለ ሽማግሌው።

የመሃለኛው ሽማግሌ የአዮ ታላቅ ወንድም ነበር። ጠዋት "ለትንሹ ቁጥር ፍረድልኝ፣ አደራ" ስትለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ስለዚህ ልቤ ሞልቶ ተቀመጥኩ።

"የሞተ ሰው አለ?" ብሎ ጀመረ ወንድሟ።

"የለም።"

"የተነዳ ከብትስ?"

"የለም።"

"ታዲያ ተበዳዩ ማነው?"

ሁለቱ ኃላፊዎች እኩል "እኔ" አሉ። ሽማግሌውም ትልቁ ይውረድ፣ ትንሹ ይውጣ፣ መሃል ላይ ይገናኙ ብሎ ፈረደ። ዱዓ ተደረገ። ካድሬውም ከሁላችን ጋር አሚን ካለ በኋላ "ማለቴ፣ ጸድቋል" ብሎ አረመ። ኃላፊዎቹ ተቃቀፉ።

በሩ ላይ ሽማግሌውን ደረስኩበት። ተናድጄ ነበር። "ምነው? እህትህ እኮ ናት!"

"እህቴ ባትሆን ለትንሹ እፈርድ ነበር፣ ወላሂ" አለኝ። "አሁን ግን ለደሙ አዳላ ይሉኛል።"

የመሃል ቁጥር የመሃል መንገድ ወለደ። ሠራተኞች ቀይ ቀለም ይዘው መጡና የአዮን ቤት ለሁለት ከፈሉት፤ መኝታ ቤቱ የእሷ፣ ሳሎኑ የመንገዱ ሆነ። የመንገዱን ወገን መጠገን ተከለከለ። አዮ ወንድሟን ዳግመኛ አላናግርም አለች። እሱ ግን በዚያው ሳምንት ምንጣፉን ተሸክሞ መጥቶ ሳሎኑ ውስጥ ተኛ።

"ሲያፈርሱት በኔ ላይ ያፍርሱት" አለ።

ቀበሌው እንደ አዲስ ነዋሪ መዘገበው። የቀረው ሰው በባቡር ወደ ጅቡቲ ይኮበልል ነበር እንጂ፣ ከተነበይናቸው ሰዎች ሲመጣ ያየሁት እሱን ብቻ ነው።

መንገዱ ሳይሠራ ክረምት በክረምት ላይ አለፈ። የሳሎኑ ጣሪያ ማፍሰስ ጀመረ። አንድ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ ከአዮ ጋር ተቀምጠን ወንድሟ በግድግዳው ወዲያ ሲያስል እንሰማዋለን። ብድግ ብላ ሄደች፤ ምንጣፉን ከነሰውየው መጎተት ያዘች።

"ተነሥ። ቤቱ ይውደቅ። ሌላ ወንድም ከየት አመጣለሁ?"

"ፍርድ ነው እኮ፣ እቴ።"

"ፍርድህን እዚያው ተወው።"

ተሻገረ። በማግሥቱ ሳሎኑ ተናደ።

የቀበሌው ሰዎች ፍርስራሹን አይተው "ለመንገዱ የተያዘው ቦታ በኅብረተሰቡ ተሳትፎ ተጠርጓል" ብለው ለበላይ ጻፉ። ኃላፊያችን ተመሰገነበት። እኔ ለምሳ ስመጣ ወደ በሩ መዞር አላስፈለገኝም፤ ሳሎኑ በነበረበት በኩል ቀጥ ብዬ ገባሁ። ወንድምና እህት ከአንድ ሳህን ሩዝ ይበላሉ።

"ና ብላ" አለችኝ አዮ፣ "መንገዱ ተከፍቶልሃል።"

ሳቀች፤ እኛም ሳቅን። እሷ ግን ስቃ ስቃ አለቀሰች፤ ወንድሟም አቀርቅሮ ሩዙን ወደ እሷ በኩል ገፋው።